ስለ ጥርስ ሕመምና ስለ ቻይና የመርፌና የዕፅ ሕክምና

(በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መምህር የተደረገ ንግግር)





የዛሬው አርእስቴ ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ የራቀ ይመስላል፤ ይኸውም የቻይና ሕዝብ የጥርስን ሕመም በመርፌና በዕፅ እንዴት እንደሚያክም፥ ከዚህም ሕክምና የትኛው ተፈትኖ እውነት ሆኖ እንደ ተገኘና የትኛው እንዳልተገኘ ነው።

ይህን አርእስት የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ የጥርስ ሕመም የትምህርት ጠላት ስለ ሆነ ነው፤ ሌሊቱን ጕንጩን ይዞ ሲያለቅስ ላደረ ልጅ ጧት ስለ ክፍልፋይ ቍጥር ቢነግሩት አይሰማም። ሁለተኛው፥ ወደ ገጠር ለመምህርነት የሚሄዱት ሠልጣኞቻችን ስለ ጤና አጠባበቅ ስናስተምር «የቻይና መርፌ ጥርስን ያድናል ይባላል፤ እውነት ነውን?» እያሉ ስለሚጠይቁ ነው። ለዚህ ጥያቄ «አዎን» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው፤ «የለም፥ ከንቱ ወሬ ነው» ብሎ መመለስም እንደዚሁ ስሕተት ነው። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከመታመኑ በፊት እንዴት እንደሚመረመር ማሳየት የመምህር ሥራ ስለ ሆነ በዚህ በኩል የምናገረው አላጣም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የጥርስ ሕመም ከወዴት ይመጣል

ስለ መድኃኒቱ ከመናገራችን በፊት ስለ ሕመሙ ማወቅ ይገባናል። ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሕያው ነው። በላዩ ኢናሜል የሚባል፥ በሰው አካል ካለው ሁሉ የሚጠነክር ሽፋን አለው፤ ከዚያ በታች ዴንቲን የሚባል አጥንት መሰል ክፍል አለ፤ ከሁሉ ውስጥ ደግሞ የደም ሥርና ነርቭ የሞላበት ለስላሳ ሥጋ ይገኛል። በአፋችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የምንበላውን ስኳር ተመግበው አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ኢናሜሉን ቀስ በቀስ እያሟሟ ጥርሱን ይቦረቡረዋል። ቀዳዳው ዴንቲን ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃና ጣፋጭ ነገር ይጠዘጥዛል። የውስጡ ሥጋ ሲነካ ግን ሥጋው ያብጣል። በሌላ የአካል ክፍል እብጠት ቢነሣ ቆዳው ይለጠጣል፤ በጥርስ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ስለ ሆነ የሚለጠጥበት ስፍራ የለውም። ከልብ ምት ጋር የሚመታው፥ ሌሊት ሲጋደሙ የሚብሰው፥ እንቅልፍ የሚነሣው ሕመም ይህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከጥቂት ቀን ሥቃይ በኋላ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ በድንገት ይጠፋል። ሕመምተኛው «ተመስገን፥ ዳንሁ» ይላል። ነገር ግን አልዳነም፤ ነርቩ ሞቶ ነው። ባክቴሪያዎቹ በሞተው ሥጋ አልፈው ወደ ሥሩ ጫፍ ይወርዱና በአጥንቱ ውስጥ መግል ይቋጠራል። ስለዚህ በጥርስ ነገር የሕመም መጥፋትና የበሽታ መጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የበሽታውም ስፋት ትንሽ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መግለጫ መሠረት 3.5 ቢሊዮን የሚሆን ሕዝብ በአፍና በጥርስ በሽታ ተይዟል፤ ከዚህም ውስጥ 2 ቢሊዮን የሚሆነው ሰው ቋሚ ጥርሱ የተበላ ሲሆን፥ የወተት ጥርሳቸው የተበላ ሕፃናት 514 ሚሊዮን ናቸው። ይህን የሚያህል ሕዝብ የሚያስጨንቅ ሕመም ሲሆን፥ አንድ ታላቅ ሕዝብ በብዙ ዘመን ድካም ያከማቸውን የማስታገሻ ጥበብ ሳይመረምሩ መናቅ አይገባም።

የቻይና ሊቃውንት ስለ ጥርስ ያስተማሩት

የቻይና ሕዝብ ይህን ሕመም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከ3000 ዓመት በፊት በከብት አጥንትና በኤሊ ቅርፊት ላይ በተቀረጸው ጽሕፈታቸው፥ የተበላ ጥርስን የሚያመለክተው ምልክት ጥርስና ትል በአንድነት የሚታዩበት ነው። የሕክምናቸው መሠረት የሆነው መጽሐፍ «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ» ይባላል፤ የተሰበሰበውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛውና በመጀመሪያው መቶ ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት በሰው አካል ውስጥ ቺ የሚባል ነገር ይመላለሳል። ቺ የሚለውን ቃል አንዳንዱ እስትንፋስ፥ አንዳንዱም ኀይል ብሎ ይተረጕመዋል። የሚመላለሰውም በ12 ዋና ዋና መንገዶች ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ሕመም ይመጣል፥ ሲከፈት ሕመሙ ይለቃል ይላሉ።

ከእነዚህ መንገዶች ሁለቱ ወደ ጥርስ ይገባሉ። አንደኛው ከሌባ ጣት ጫፍ ተነሥቶ በክንድና በአንገት አልፎ ወደ ታችኛው ጥርስ ይገባል። ሁለተኛው ከፊት ተነሥቶ የላይኛውን ጥርስ ከነካ በኋላ በደረትና በሆድ ወርዶ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። ስለዚህ የቻይና ሐኪም ጥርሱን የታመመ ሰው ሲመጣለት አፉን ብቻ አይመለከትም፤ እጁንና እግሩንም ይይዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ስፍራ ሄጉ ይባላል፤ ትርጕሙ የሸለቆ መገናኛ ማለት ነው። እርሱም በእጅ ጀርባ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሥጋ ላይ ይገኛል። በመንጋጭላ አጠገብ ያሉት ጂያቼና ሺያጓን የሚባሉት ስፍራዎች፥ በእግርም በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣት መካከል ያለው ኔይቲንግ የሚባለው ስፍራ ለዚሁ ሕመም ያገለግላሉ። መርፌው እጅግ ቀጭን ነው፤ መድኃኒት አይቀዳበትም። ሐኪሙ ሰክቶ በጣቶቹ ያዞረዋል፤ ሕመምተኛውም ክብደትና መደንዘዝ ሲሰማው መርፌው ስፍራውን አገኘ ይባላል። ከዚያም 20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ይቈያል።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከመርፌው ይልቅ የማስተማሪያው ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። በሶንግ ነገሥታት ዘመን ዋንግ ዌዪ የሚባል ሐኪም በ1026 የመርፌ ስፍራዎችን የሚገልጽ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በሚከተለውም ዓመት በሰው ቁመት ልክ ሁለት የነሐስ ምስሎች ተሠሩ። በምስሎቹ ላይ ስማቸው 354 የሆነ፥ ግራና ቀኙ ሲቈጠር 657 የሚሆኑ ስፍራዎች ተቀርጸው ነበር። በፈተና ቀን የምስሉ ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ ከውጭ ሰም ይቀባና ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይሸፈናሉ። ፈታኙ የስፍራውን ስም ይጠራል፤ ተማሪው መርፌውን ይሰካል። ስፍራውን ካገኘ ውሃው ይወጣል፤ ከሳተ ግን መርፌው ነሐሱን ነክቶ ይመለሳል። ተማሪው በአፉ የሸመደደውን ብቻ ሳይሆን እጁ የሚያውቀውን ጭምር የሚያሳይበት ፈተና ነው። ይህ ከአንድ ሺሕ ዓመት በፊት ገደማ መታሰቡን ስናይ የዚያን ዘመን መምህራን ማክበር ይገባናል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናስተውል። የነሐሱ ምስል ተማሪውን ይፈትናል እንጂ ትምህርቱን አይፈትንም። ውሃው መውጣቱ ተማሪው መምህሩ ያለውን በትክክል እንደ ያዘ ያረጋግጣል፤ መምህሩ ያለው እውነት መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ትምህርቱ ራሱ በፈተና ወንበር ላይ የተቀመጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ስለ ዕፆቹ

ከመርፌው ጋር ጐን ለጐን የሚሄደው የዕፅ ሕክምና ነው። ከ1180 እስከ 1251 የኖረው ሊ ዶንግዩዋን የተባለ ሐኪም «ቺንግ ዌይ ሳን»፥ ማለት ሆድን የሚያቀዘቅዝ ዱቄት፥ የሚባል መድኃኒት ለጥርስና ለድድ ሕመም አዘጋጅቶ ነበር። መድኃኒቱ አምስት ዕፆች አሉት፤ ዋናው ኮፕቲስ የሚባል እጅግ መራራ የሆነ ቢጫ ሥር ነው። ሊ ዶንግዩዋን ይህን ያዘዘው የጥርስ ሕመም ከሆድ በሚወጣ ሙቀት ይመጣል ብሎ ስላመነ ነው። ዛሬ ሳይንስ ሥሩን ሲመረምረው ቤርቤሪን የሚባል ባክቴሪያን የሚያዳክም ነገር አግኝቶበታል። እንግዲህ ምክንያቱ ስሕተት ሆኖ ዕፁ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከ1563 እስከ 1640 የኖረው ዣንግ ጂንግዩዌ ደግሞ ለዚሁ ሕመም ጄሶ ከአራት ዕፆች ጋር የሚቀቀልበትን መድኃኒት አዘዘ። ሊ ሺዠንም በ1578 ጨርሶት በ1596 በታተመው ታላቅ መጽሐፉ 1892 ዓይነት የመድኃኒት ነገሮችን ሰብስቧል።

ከዕፆቹ ሁሉ ለእኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቅርንፉድ ነው። ቻይናውያን ዲንግሺያንግ ይሉታል፤ ትርጕሙ ሽታው የሚያውድ ሚስማር ማለት ነው። በሐን ነገሥታት ዘመን ሹማምንት ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለመናገር ሲቀርቡ የአፋቸው ሽታ እንዲያምር ቅርንፉድ ይጐርሱ ነበር። የቅርንፉድ አገሩ የሞሉካ ደሴቶች ነው፤ በኋላ ግን በዛንዚባርና በፔምባ ደሴቶች በብዛት ተተክሎ የምሥራቅ አፍሪካ ሀብት ሆነ። እናቶቻችንም የጥርስ ሕመም ሲጸና ቅርንፉድ በታመመው ጥርስ ላይ ማስነከሳቸው የታወቀ ነው። ይህ ከንቱ ልማድ አይደለም። በቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ዘይት አለ፤ ነርቭን ያደነዝዛል፥ ባክቴሪያንም ያዳክማል። የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ነገር ግን የተጣራው ዘይት ድድን ያቃጥላል፤ ሕፃን ቢውጠውም ጕበቱን ሊጐዳው ይችላል።

ሌላው ዕፅ ሺሺን ይባላል። ሥሩ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ቻይናውያን ለጥርስ ሕመም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዳሩ ግን የሺሺን ወገን በሆኑት ዕፆች ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል ኩላሊትን የሚያበላሽና ነቀርሳን የሚያመጣ መርዝ ይገኛል። የዚህ መርዝ አደገኛነት ለዓለም በግልጥ የታወቀው በቤልጅግ አገር በደረሰ ጥፋት ነው። በብራስልስ ከተማ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ ይወስዱ የነበሩ ሴቶች ኩላሊታቸው መበላሸቱ በ1993 በሕክምና መጽሔት ተገለጸ፤ የተጐዱትም ኋላ ከ100 በላይ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ምን ነበር ቢሉ፥ በቻይንኛ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ዕፆች ተለዋውጠው፥ አሪስቶሎኪያ የሚባለው መርዘኛው በሌላው ምትክ ስለ ገባ ነው። አንድ ስም ሁለት ሥር ቢጠራ የሰው ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ «ዕፅ ነውና አይጐዳም» የሚለው አነጋገር ከመምህር አፍ ሊወጣ አይገባም።

ንቀትና ክብር

ይህ ሕክምና በገዛ አገሩም ሁልጊዜ እንደ ተከበረ አልኖረም። በ1822 የቻይና ንጉሠ ነገሥት የመርፌ ሕክምና በቤተ መንግሥቱ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዳይሰጥ ከለከለ። በ1929ም በጊዜው የነበረው መንግሥት የአገሩን ሕክምና በጠቅላላ ለማስቀረት አስቦ፥ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ስለ ተቃወሙ ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። በ1956 በቤጂንግ፥ በሻንጋይ፥ በጓንጆና በቼንግዱ ለአገሩ ሕክምና ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1958 ሻንጋይ ላይ የጕሮሮ እጢ በመርፌ ብቻ ተደንዝዞ ወጣ ተባለ፤ ጥርስ መንቀልና ሌላም ቀዶ ሕክምና ተከተለ። በ1971 ጄምስ ሬስተን የተባለው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ በቤጂንግ ትርፍ አንጀቱ ከወጣ በኋላ የተሰማው የሆድ መነፋት በመርፌ እንደ ተሻለው ስለ ጻፈ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናው ራሱ በመርፌ ብቻ የተደረገ መሰለው፤ ሬስተን ግን ለቀዶ ሕክምናው የተለመደው ማደንዘዣ እንደ ተሰጠው በግልጥ ጽፎ ነበር። በቻይናም በመርፌ ተደነዘዙ ከተባሉት ሕሙማን ብዙዎቹ ሌላ ማደንዘዣና ማረጋጊያ ጭምር ይሰጣቸው እንደ ነበር ኋላ ታወቀ። መናቅም ማግነንም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱም ፈተናን አይወዱም።

ትምህርቱ ራሱ ሲፈተን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ መድኃኒት ሕመም አስታገሠ ሲባል ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ያስታገሠው መድኃኒቱ ነው ወይስ ሕመምተኛው ያገኘው ተስፋ?» የሚለው ነው። ይህን ለመለየት ሊቃውንት ሕሙማንን በሁለት ይከፍላሉ፤ ለአንዱ ወገን እውነተኛውን መርፌ፥ ለሁለተኛው የማስመሰያ መርፌ ይሰጣሉ፤ ሕመምተኛው የትኛው እንደ ደረሰው አይነገረውም።

በ1975 በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ ሂውዝና ኮስተርሊትዝ የሚባሉ ሊቃውንት አንጐል ራሱ እንደ ሞርፊን ያለ ሕመም ማስታገሻ እንደሚያወጣ ገለጡ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1977 ሜየርና ባልንጀሮቹ በአሜሪካ ሰዎችን ጥርሳቸውን በኤሌክትሪክ እየነኩ ሄጉ በሚባለው የእጅ ስፍራ ላይ መርፌ ሰኩባቸው፤ የጥርሱ ሕመም ቀነሰ። ከዚያም የሞርፊንን ሥራ የሚያጠፋ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት ሲሰጧቸው የመርፌው ጥቅም ጠፋ። ስለዚህ መርፌው የሚሠራው አንጐል የራሱን ማስታገሻ እንዲያወጣ በመቀስቀስ ነው ተባለ። በ1983 ግን ቻፕማንና ባልንጀሮቹ ይህን መሰል ምርመራ አድርገው ናሎክሶን የመርፌውን ጥቅም ሳያጠፋው ቀረ። እንግዲህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በ1980ም በካናዳ ሜልዛክና ባልንጀሮቹ ሄጉን በመርፌ ሳይሆን በበረዶ ቢያሹት ከሕሙማኑ ለሚበዙት የጥርሳቸው ሕመም በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ። ይህ እጅግ ያስተምራል፤ የጥንት ቻይናውያን ያገኙት ስፍራ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ምሥጢሩ የግድ በመርፌው ውስጥ ያለ አይደለም።

በ1997 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠራው የሊቃውንት ጉባኤ መርፌው ጥቅም እንዳለው ማስረጃ ከተገኘላቸው ነገሮች አንዱ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣው ሕመም መሆኑን ገለጠ። በ1999 ላኦና ባልንጀሮቹ በሜሪላንድ የመጨረሻ መንጋጋቸውን ያስነቀሉ 39 ሰዎችን ፈተኑ። እውነተኛው መርፌ የደረሳቸው ሰዎች በአማካይ ወደ 173 ደቂቃ ያህል ያለ ሕመም ሲቈዩ፥ የማስመሰያው መርፌ የደረሳቸው 94 ደቂቃ ያህል ቈዩ።

እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ ብንጽፋቸው ብዙ ትምህርት ይገኝባቸዋል። ልዩነቱ 79 ደቂቃ ነው። መርፌው ከንቱ ነው የሚለው ሰው ለዚህ ልዩነት መልስ የለውም። መርፌው ጥርስን ይፈውሳል የሚለውም ሰው እንደዚሁ መልስ የለውም፤ የተገኘው ጥቅም በደቂቃ የሚቈጠር ዕረፍት እንጂ ፈውስ አይደለምና። ደግሞም 39 ሰው ጥቂት ነው። ስለ ቺ መንገዶችም ምርመራው የመሰከረው ነገር የለም።

መርፌው የማይደርስበት

የተቦረቦረ ጥርስ ተመልሶ አይሞላም። መርፌ ቀዳዳውን አይዘጋም፤ ዕፅም ከአጥንት ውስጥ መግልን ጠርጎ አያወጣም። ይህን የሚያደርገው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ወይ ይሞላል፥ ወይ ሥሩን ያጸዳል፥ ወይ ይነቅላል። የገዛ ሕዝባችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። ሕመምን ብቻ ማስታገሥ በሽታን መደበቅ ሊሆን ይችላል። የታችኛው መንጋጋ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሲሰራጭ የመተንፈሻን መንገድ ይዘጋል፤ ይህን በሽታ ሉድቪግ የተባለው የጀርመን ሐኪም በ1836 ጽፎታል፤ በስሙም ይጠራል። ትኩሳት የያዘው፥ ከመንጋጭላው በታች ያበጠ፥ አፉን ለመክፈት ወይም ለመዋጥ የተሳነው ልጅ ሲገኝ የመርፌና የዕፅ ነገር ይቅርና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

መርፌውም ንጹሕ ካልሆነ የጕበት በሽታንና ኤች. አይ. ቪን ያስተላልፋል። ስለዚህ አንድ መርፌ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ሄጉንም በነፍሰ ጡር ሴት ላይ እንዳይወጉ የቻይና ሊቃውንት ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ ይከለክላሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም። ቻይና በ1963 ወደ አልጄሪያ ሐኪሞች ከላከች በኋላ፥ በ1964 ወደ ዛንዚባር፥ በ1965 ወደ ሶማሊያ፥ በ1974 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ የሐኪሞች ቡድን መጥቷል። ከእነርሱም ጋር የመርፌው ሕክምና በአካባቢያችን ታወቀ። እንግዲህ ሠልጣኞቻችን ስለ መርፌው መጠየቃቸው ትክክል ነው።

ዳሩ ግን በሌላው አገር ልማድ ላይ የምንዘረጋውን የመመርመሪያ ዐይን በራሳችንም ልማድ ላይ ልንዘረጋው ይገባናል። የጥርስ ትል ወሬ በቻይና ብቻ የነበረ አይደለም፤ በእኛም ዘንድ አለ። ፎሻር የተባለው የፈረንሳይ የጥርስ ሐኪም በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ በጥርስ ውስጥ ትል እንዳላገኘ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሆኖም በአገራችንና በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ስፍራ ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ውስጥ ትል አለ እየተባለ፥ ገና ያልወጣው የወተት ጥርሱ ንጹሕ ባልሆነ ስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ትል ተብሎ የሚታየው ነጭ ነገር ገና ያልጠነከረው ጥርስ ራሱ ነው። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፥ በቁስሉ በሽታ ይገባበታል፥ ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ ፍሬም ይበላሻል፤ ተቅማጡ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን የሚጠሉ ወላጆች አይደሉም፤ የሚወዱት ናቸው። ስለዚህ ፍቅር ብቻ አይበቃም፤ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ዕውቀቱን ወደ ቤት የሚያደርሰው ደግሞ የእኛ ተማሪ ነው።

በሌላ በኩል ፈተናን ያለፈ ልማድም አለን። መፋቂያችን በሚገባ ከተሠራበት ጥርስን ያጸዳል፤ ቅርንፉዳችንም እስከ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ያላለፈውን እየተውን ያለፈውን መያዝ ነው። ቻይናውያንም ከዕፆቻቸው አንዱን እንዲህ አድርገው ነበር። ገ ሆንግ የተባለ ሊቅ በአራተኛው መቶ ዓመት ቺንግሃው የሚባለው ዕፅ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ለንዳድ እንዲጠጣ ጽፎ ነበር። ቱ ዮዮ የተባለችው ተመራማሪ ይህን አንብባ በ1971 ከዕፁ ውስጥ ለወባ የሚሆነውን ነገር ለይታ አወጣች፤ በእንስሳትና በሰው ላይም ተፈተነ። ዛሬ የአፍሪካ ልጆች ከወባ ይድኑበታል፤ እርስዋም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የጥንቱ መጽሐፍ ጥቈማ ሰጠ፤ እውነቱን የወሰነው ግን ፈተናው ነው።

የመምህር ግዴታ

የተከበራችሁ መምህራን፤ ከዚህ ሁሉ ለዕለት ሥራችን የሚሆነውን ሰብስቤ ላቅርብ።

አንደኛ፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ጥርስ ሳይበላ ማስተማር ይቀድማል። ሌሊት ከመተኛት በፊት ጥርስን ማጽዳት፥ ጣፋጭ ነገርን መቀነስ፥ ከተገኘም ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና መፋቅ ከመርፌውም ከዕፁም ይበልጣል።

ሁለተኛ፥ ልጅ ጥርሱን ሲታመም ሐኪም ቤት እስኪደርስ ድረስ አፉን ለብ ባለ የጨው ውሃ ያጕመጥምጥ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ብንጫነውለት ወይም በረዶ ቢገኝ ብናሸው ጕዳት የለውም፥ ሊያስታግሠውም ይችላል። ነገር ግን ቢታገሥለትም ወደ ሐኪም መሄዱ አይቅር።

ሦስተኛ፥ ስሙና ልኩ ያልታወቀ ዕፅ ለልጅ አይሰጥ፤ የአገር ውስጥም ቢሆን፥ ከባሕር ማዶ የመጣም ቢሆን።

አራተኛ፥ የጥርስ ሕመም የያዘውን ልጅ ሰነፍ ወይም ዐመፀኛ ብለን አንቅጣው። በትምህርት መካከል እጁን ጕንጩ ላይ ያደረገ ልጅ ሲገኝ መጀመሪያ አፉን እንይለት።

አምስተኛ፥ ወላጆች ለስብሰባ ሲመጡ ስለ ሕፃናት የወተት ጥርስ ሳንነቅፋቸውና ሳናሳፍራቸው እንንገራቸው። የተነቀፈ ወላጅ ልጁን ደብቆ ያስነቅላልና።

እንግዲህ ሠልጣኞቻችን «የቻይና መርፌ ጥርስን ያድናልን?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው ይህ ነው፤ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ሊያስታግሥ እንደሚችል ተፈትኖ ታይቷል፤ ጥርሱን ግን አያድንም፤ ስለዚህ በሰጠን ዕረፍት ወደ ሐኪም እንሂድበት። ከዚህም ጋር እንዴት እንደ ታወቀ፥ ማን እንደ ፈተነው፥ በስንት ሰው ላይ እንደ ተፈተነ እንንገራቸው። መልሱን ብቻ የተቀበለ ተማሪ ነገ ሌላ ወሬ ሲሰማ ይናወጣል፤ የመመርመሪያውን መንገድ የተቀበለ ግን በሄደበት ወረዳ ሁሉ ለሕዝቡ መብራት ይሆናል።